ኮሮና ጊዜ አንድ ሆቴል የነበርን አራት ሰዎች ለምን አራት መንገድ ሄድን? እስከ አርብ አስተያየት መጻፍ አለብኝ፣ እርዱኝ

የካዛንቺሷ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ፣ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝ ጉዳይ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሆቴል ሪሴፕሽን ነው የምሰራው፣ ስሙን አልጠቅስም። ኮሮና ሲገባ አራተኛ አመቴ ነበር። መጋቢት 4 ቀን 2012 አርብ፣ የመጀመሪያው በሽተኛ ተገኘ ሲባል ሺፍት ላይ ነበርኩ፣ ከዛ ሰአት ጀምሮ ስልኩ አላረፈም ግን የሚደውለው ሁሉ ካንስል ለማድረግ ነው። ግሩፕ ቡኪንጉ፣ ወርክሾፑ፣ ከፋሲካ በኋላ የተያዘው ሰርግ፣ ሁሉም ሄደ። አስር ቀን ሳይሞላ ከመቶ በላይ ክፍል ያለው ቤት ውስጥ እንግዳ ያለበት ስድስት ክፍል ብቻ ነበር።

ሆቴል ሰርታችሁ ለማታውቁ አንድ ነገር ላስረዳ። የኛ ቤዚክ ደሞዝ ትንሽ ነው፣ የምንኖረው በሰርቪስ ቻርጅ ነው። ደንበኛው ቢሉ ላይ የሚከፍለው 10 ፐርሰንት ይጠራቀምና በወሩ መጨረሻ ለሰራተኛው በነጥብ ይከፋፈላል፣ ጥሩ ወር ከሆነ ከደሞዙ ይበልጣል። እንግዳ ከሌለ ሰርቪስ ቻርጅ የለም፣ ቲፕ የለም። ስለዚህ "ደሞዛችሁ አልተነካም" ሲሉን እጃችን ላይ የሚደርሰው ከበፊቱ ግማሽ አይሞላም ነበር። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሰራተኛ መቀነስ ስለተከለከለ የተባረረ ሰው የለም፣ ግን የአመት ፈቃዳችንን አስጨረሱንና ከዛ በዙር ግቡ ተባልን።

እንግዲህ አራት ሰው ነበርን በጣም የምንቀራረብ፣ ምሳ አብረን የምንበላ።

አንዱ ዌይተር ነው፣ መርካቶ ተወልዶ ያደገ፣ አባቱ ሱቅ ያላቸው። ገና ሚያዝያ ሳይጋመስ ከአባቱ ወዳጆች ሳኒታይዘርና ማስክ በዱቤ እያነሳ ለየሱቁ ማከፋፈል ጀመረ። ለቆ ወጣ፣ በዛው ቀረ፣ አሁን የራሱ መጋዘን አለው። ሁለተኛው ኮስት ኮንትሮለር ማለት የሆቴሉን ወጪ የሚቆጣጠር ነው፣ አባቱ ሰላሳ ምናምን አመት መንግስት ቤት ሰርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፣ "የግል ቤት አይታመንም" እያሉት ነው ያደገው። ወረዳ ላይ ማስታወቂያ ሲወጣ ተወዳድሮ ገባ፣ ደሞዙ ሆቴል ያገኝ የነበረውን ግማሽ እንኳን አይሞላም ግን "ወር ሲደርስ ይገባል፣ ይሄን ነው የምፈልገው" አለኝ።

ሶስተኛዋ የሀውስኪፒንግ ልጅ ናት፣ ጥያቄዬም ስለሷ ነው። ከደብረ ማርቆስ ወጣ ካለ ገጠር ነው የመጣችው፣ ጎተራ አካባቢ ከሶስት ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ ሁለት ታናናሾቿን ታስተምራለች። ሆቴላችን የኳራንታይን እንግዳ መቀበል ሲጀምር 14 ቀን እዛው እያደረ ክፍል የሚያፀዳ ፈቃደኛ ተጠየቀ። ሁላችንም ዝም አልን። ስለበሽታው ገና ምንም የምናውቀው ነገር አልነበረም እኮ፣ ሰው ከውጭ የመጣ ዘመዱን አቅፎ መቀበል ያቆመበት ጊዜ ነው። እጇን ያወጣችው እሷ ናት።

አንድ ቀን በመስታወቱ በር አየኋት። የላስቲክ ጋዋኗን አጥልቃ፣ የተቀየረውን አንሶላ በሁለት ፌስታል እየቋጠረች የክፍሉን ቁጥር በማርከር ትጽፍበታለች። ጓንቱ ሰፍቷት ነው መሰለኝ አንጓዋ ላይ በላስቲክ አስራዋለች። ማታ ማታ በውስጥ ስልክ ሪሴፕሽን ትደውልልኝና ሁሌ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ "ዶክተር ሊያ ዛሬ ስንት ሰው ተያዘ አሉ?" ነበር፣ የያኔዋን ጤና ሚኒስትር ማለቷ ነው። ያኔ ስራ አስኪያጁ በስብሰባ ላይ ጀግና ብሎ አስጨብጭቦላታል።

ከዛ የኳራንታይን እንግዳ ቀረ፣ እሷም እንደኛው በዙር ግቢ ተባለች። መስከረም 2013 ላይ የሁለት ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥታ ለቀቀች፣ ብዙም ሳትቆይ ዱባይ ሄደች። አሁን ተመልሳ መጥታ እኛው ጋ አመልክታለች። ስራ አስኪያጁ ማመልከቻዋ ላይ "በክፉ ቀን ጥላን የሄደች፣ ለሙያዋ ፍቅር የላትም" ብሎ ጽፎበታል። እኔ ደሞ አብሬያት ስለሰራሁ እስከ አርብ የጽሁፍ አስተያየት ስጪ ተብያለሁ።

የኔን ነገር ልንገራችሁ። እኔ ሰባት ወር ሙሉ በግማሽ ገቢ ጠበቅኩ፣ ሆቴሉ ሲነሳ ሱፐርቫይዘር አደረጉኝ፣ "በችግር ጊዜ ያልተለየች" የሚል የምስጋና ወረቀትም ሰጡኝ ፍሬም ተደርጎ። ግን እኔ ከእናቴ ጋር ቀበሌ ቤት ነው የምኖረው፣ የወር ኪራያችን ያኔ መቶ ብር አይሞላም ነበር፣ እናቴ የመምህርነት ጡረታ አላት። ማንም ከኔ ብር አይጠብቅም ነበር። ያቺን ወረቀት ባየሁ ቁጥር እሷ ጎተራ የምትከፍለው ኪራይ ነው የሚታየኝ። እና ጥያቄዬ፣ እውነት ይሄ የሙያ ፍቅር ጉዳይ ነው? በናንተ መስሪያ ቤትስ እንዴት ነበር? ምን ብዬ ልጻፍ?

ኤችአር አስራ ሁለት አመት፦

እህቴ ጥሩ ጥያቄ ነው ያነሳሽው፣ እኔ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ የሰው ሀብት ላይ ነኝ፣ በ2013 እኔም ልክ እንዳንቺ ስራ አስኪያጅ "የከዱን" እና "ያልከዱን" ብዬ በልቤ የከፈልኩበት ጊዜ ነበር፣ ዛሬ ሳስበው ስህተት ነበር ነው የምለው ምክንያቱም ያልከዱኝ ያልኳቸውን አንድ በአንድ ሳያቸው ወይ የራሳቸው ቤት ያላቸው ናቸው ወይ ባል ወይ ሚስት ሌላ ቦታ የሚሰራላቸው ናቸው፣ በአንድ ደሞዝ ቤት ኪራይ ከፍሎ ቤተሰብ የሚረዳ ሰው ግን ከሶስተኛው ወር በላይ የቆየልኝ አላስታውስም።

ወደ ህጉ ልምጣ። በአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሰራተኛ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት፣ ስለዚህ በሁለት ቀን መውጣቷ ጥፋት ነው፣ ይሄን አትሸፍኚላት፣ ራስሽ ጻፊው። ግን ከጎኑ ምን እንደነበረም ጻፊ። ሌላው፣ ሰራተኛ በራሱ ፈቃድ ሲለቅ የስራ ስንብት ክፍያ የሚያገኘው ቢያንስ አምስት አመት ካገለገለ ነው። እስቲ ያ ዌይተር ስንት አመት ሰርቶ ነበር? እሷስ? እሱ ስንብቱን ይዞ ነግዶበት ከሆነና እሷ ባዶ እጇን ከወጣች ሁለቱም "ለቀቁ" ይባላል እንጂ አወጣጣቸው አንድ አደለም።

ደሞ አንድ ማንም የማያስታውሰው ነገር፦ ሰራተኛ እዛው ድርጅት ለዛው ስራ ተመልሶ ሲቀጠር የሙከራ ጊዜ አይኖረውም፣ አዲስ ሰው ላይ እስከ 60 የስራ ቀን የምታይው ነገር እሷ ላይ የለም። ስራ አስኪያጅሽ የፈራው ይሄን ሊሆን ስለሚችል አስቀድመሽ አንሺው። ስራዋን እንደሆነ አይታችሁታል፣ ያውም ማንም ባልደፈረበት ጊዜ።

የሐዋሳ ልጅ፦

እኔ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የመስመር ሱፐርቫይዘር ነበርኩ። ኮሮና ሲመጣ የውጭ ገዢዎች ኦርደር ሰረዙ፣ የተወሰነው ሰራተኛ ከነደሞዙ እረፍት ውጣ ተባለ። ከኔ መስመር ብዙዎቹ ልጆች ከሲዳማ ገጠር የመጡ ናቸው፣ እድሜያቸው ሀያ ምናምን ቢሆን ነው። ቤዚኩ ያኔ 750 ብር ገደማ ነበር፣ አራት አምስት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ፣ ተራ በተራ ያበስላሉ፣ እንደዛ ነው ኑሮው።

እረፍት ሲባሉ ሐዋሳ ቁጭ ብለው ኪራይ ከሚከፍሉ ፍራሻቸውን ጠቅልለው ወደ ቤተሰብ ሄዱ። ከዛ ተመለሱ ተብሎ ሲደወል ግማሾቹ አልመጡም። ኦፊስ ውስጥ ምን እንደተባለ ታውቃላችሁ? "የገጠር ልጅ የፋብሪካ ዲሲፕሊን የለውም፣ ስራ አይወድም።" እኔ ግን ስልኩን የምደውለው እኔ ነበርኩ የሚመልሱልኝንም የሰማሁት እኔ ነኝ። አንዷ "ክፍሉ ለሌላ ተከራየ፣ አዲስ ለመያዝ የቅድሚያ ጠየቁኝ" አለችኝ። ታክሲና አውቶብስ በግማሽ ጫን ተብሎ ታሪፉ እጥፍ የሆነበት ጊዜ እኮ ነው፣ አንዷ መምጫ የላትም። አንዷ አባቷ ስልኩን ተቀብለው "ልጄን በበሽታ ልትገድሏት ነው?" አሉኝ፣ ምን እመልሳለሁ? አንዷ ደሞ ተድራለች።

አንዲት ልጅ ብቻ አስታውሳለሁ ሳልደውልላት የመጣች። ኦቨርሎክ፣ የልብስ ጠርዝ የሚሰፋው ማሽን ላይ ነበረች፣ በጣም ፈጣን እጅ ያላት። እንዴት መጣሽ ስላት እናቷ ሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሳ የምትሸጥ ናት፣ ከመጀመሪያውም ከተማ ውስጥ ነበረች፣ መንገድ የለባትም ኪራይ የለባትም። እሷን "የአመቱ ታታሪ" አሏት፣ ይገባታል፣ ታታሪ ናት። ግን ሌሎቹም ታታሪ ነበሩ፣ ማሽን ላይ ቆሜ ያየኋቸው እኔ ነኝ።

ነርስ ነኝ፦

ሁላችሁንም አክብሬ ትንሽ ልቃወም። አስተዳደግና ቤተሰብ ያስገድዳል ልክ ነው፣ ግን ሁሉንም ነገር በኪራይና በቤተሰብ ካስረዳነው የሰውየው ውሳኔ የት ሄደ?

እኔ የኮሮና ህክምና ማእከል ውስጥ ነው የሰራሁት። እኔና ሌላ ጓደኛዬ ከአንድ ከተማ ነው የመጣነው፣ አንድ ኮሌጅ ነው የተማርነው፣ ሁለታችንም ቤተሰብ እንረዳለን። የሷ እናት ጠላ ትሸጣለች፣ የኔ አባት ጥበቃ ነው። ምደባው ሲመጣ እሷ አልችልም ብላ መልቀቂያ አስገባች፣ እኔ ገባሁ። ሳምንታት ማእከል ውስጥ ቆይቼ ስወጣ አከራዬ እቃዬን በረንዳ ላይ አውጥታ ጠበቀችኝ፣ "ልጆች አሉኝ" አለችኝ። ብርድ ልብሴ፣ መጽሐፎቼ፣ ምድጃዬ፣ ሁሉም በረንዳ ላይ፣ ዝናብ ነክቶታል። እንደዛም ሆኖ በነጋታው ስራ ገባሁ።

ለምን እንደገባሁ አውቃለሁ። ፊቴ ላይ ማስኩ ከሚሰረስረው ቁስል ይልቅ ኦክስጅን ላይ ያሉ ሰዎች ነበሩ የሚያሳስቡኝ፣ አንድ አዛውንት እጄን ይዘው "ልጄ አትሂጂ" ይሉኝ ነበር። ይሄን ቀበሌ ቤት ስላለኝ አላደረግኩትም፣ ምንም የለኝም ነበር። ስለዚህ የካዛንቺሷ፣ አስተያየት ስትጽፊ "ድሃ ስለነበረች ነው" ብለሽ ብቻ አትጻፊ። ኳራንታይን ክፍል ውስጥ የገባችው ድሃ ስለሆነች ብቻ ነው ካልሽ የሰራችውን ስራ ትቀሚያታለሽ። ደፋር ልጅ ናት በይ። ደፋር ብትሆንም ኪራይ ከፍላ የምትኖርበት ገንዘብ አልነበራትም በይ። ሁለቱም ይጻፍ።

ጓደኛዬን ደሞ አልፈረድኩባትም፣ ዛሬም እንደዋወላለን። ግን ያኔ ባዶ የሆነውን ሺፍት የሸፈንነው እኛ ነን፣ ይሄም ሊረሳ አይገባም።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦

እኔ ካለሁበት ትንሽ ልጨምር፣ ዲሲ አካባቢ ያለው አበሻም ልክ እንደዚህ ነበር የተከፋፈለው።

በፈረንጆቹ መጋቢት 2020 ከተማው ሲዘጋ የፓርኪንግ ሰራተኛው፣ የሆቴሉ፣ የኤርፖርቱ፣ ኡበርና ሊፍት የሚነዳው በአንድ ሳምንት ስራ ፈታ። መንግስት ኬርስ አክት የሚባለውን ህግ አወጣ፣ የስራ አጥ ክፍያው ላይ በሳምንት 600 ዶላር ተጨመረ እስከ ጁላይ መጨረሻ፣ ለመጀመሪያ ጊዜም በራሱ የሚሰራ ሰው ማለት ሹፌሩም ጭምር እንዲያመለክት ተፈቀደ። አሁን ተመልከቱ ማን ወሰደ ማን ፈራ። ሃያ ሰላሳ አመት የኖረው፣ ሲቲዝን የሆነው፣ ቤት የገዛው፣ በነጋታው አመለከተ። አንዳንዱ በዛች ጊዜ ቤቱ ቁጭ ብሎ የአይቲ ኮርስ ጨርሶ ዛሬ ሌላ ሰው ሆኗል፣ ጎበዝ እንለዋለን፣ ጎበዝም ነው።

በዲቪ የመጣው ሁለት አመት ያልሞላው ልጅ ግን "የመንግስት ብር ከበላህ ግሪን ካርድህ ላይ ችግር ይመጣል" የሚል ወሬ ሰምቶ አልነካም አለ። በዛው አመት ፌብሩዋሪ ላይ ፐብሊክ ቻርጅ የሚሉት አዲሱ ደንብ ስራ ላይ ውሎ ስለነበር ሰው ሁሉ ደንግጦ ነበር፣ የስራ አጥ ክፍያ ግን እዛ ውስጥ አይቆጠርም፣ ሰርተህ ያገኘኸው መብትህ ነው። ይሄን በአማርኛ ቁጭ አድርጎ የሚያስረዳቸው ሰው ስላልነበረ እኔ ራሴ ቤተክርስቲያን የማውቃቸውን ስንቱን በስልክ እየደወልኩ ስለምን ነበር፣ ግማሹ አላመነኝም።

ከኔ ጋር አንድ ቤት ይኖር የነበረው ልጅ አንዱ ነው። አገር ቤት አካውንታንት ነበር። አላመለክትም ብሎ በዛ ወረርሽኝ መሀል ሲኤንኤ ማለት ረዳት ነርስነት ተምሮ ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ ገባ፣ ሰው እንደ ቅጠል የሚረግፍበት ቦታ። ማታ ሲመጣ ልብሱን ጋራዥ አውልቆ፣ ጫማውን በክሎሪን አጥቦ ነው የሚገባው፣ እኔን እንዳያሲዘኝ ብሎ ሶስት ወር ሳሎን ወለል ላይ ተኛ። እናቱ ጎንደር በየወሩ ብር ይጠብቃሉ፣ ለሳቸው ስራ ፈታሁ ብሎ መንገር አልቻለም፣ "አሜሪካ ሄዶ ስራ ፈታ" የሚባል ነገር እዛ ማንም አያምንም። እና አሁን እሱን "ለጤና ሙያ ጥሪ ያለው" ይሉታል። እኔ እማውቀው ሂሳብ የሚወድ ልጅ ነበር። እስካሁን ወደ ሂሳብ አልተመለሰም፣ ሲፒኤ፣ የሂሳብ ባለሙያነት ፈቃዱን ልማር ይላል በየአመቱ፣ ድርብ ሺፍት እየሰራ መቼ ይማራል።

የካዛንቺሷ፣ ዱባይ ስለሄደችው ልጅ ሳነብ እሱ ነው ትዝ ያለኝ። ምን ትሰራ እንደነበር ዱባይ ጠይቀሻታል? ሆቴል ከሆነ እኮ ልምድ ነው።

የካዛንቺሷ፦

ሁላችሁም እግዜር ይስጥልኝ። ሁለቴ ሶስቴ ነው ያነበብኩት።

ኤችአር ወንድሜ፣ ዌይተሩ ስድስት አመት ሰርቶ ነበር፣ ስንብቱን ተቀብሎ ነው የመጀመሪያውን ማስክ በካርቶን ያወጣው፣ የቀረውን በአባቱ ስም በዱቤ። እሷ ሶስት አመት ከሁለት ወር ነበራት። ይሄን እስካሁን አስቤው አላውቅም ነበር።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በጠየቅከኝ ምክንያት ትላንት ደወልኩላት። የመጀመሪያውን አመት ቤት ውስጥ ነው የሰራችው፣ ከዛ በኋላ አንድ አፓርትመንት ሆቴል ሀውስኪፒንግ ገብታ ሁለት አመት ሰርታለች፣ የስራ ልምድ ወረቀት አላት፣ ማመልከቻው ላይ ግን አላያያዘችውም። ለምን ስላት "የአረብ አገር ስራ እናንተ ጋ ይቆጠራል እንዴ?" አለችኝ። ታናሽ ወንድሟ ዘንድሮ ይመረቃል። እህትየው አስረኛ ክፍል ላይ አቋርጣለች፣ ይሄን ስትነግረኝ ድምጿ ተለወጠ፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ነርሷ እህቴ፣ ያንቺን በተለይ አልረሳውም። መጀመሪያ የጻፍኩት ረቂቅ ላይ "በቤተሰብ ችግር ምክንያት" የሚል ነበር በየመስመሩ፣ አንቺን ካነበብኩ በኋላ ቀደድኩት። አሁን የጻፍኩት እንዲህ ይጀምራል፦ "ሚያዝያ 2012 ኳራንታይን ፍሎር ላይ ለመግባት ፈቃደኛ ሲጠየቅ እኔን ጨምሮ ማንም ሳይነሳ የተነሳች ሰራተኛ ናት።" ከዛ ስንት ዙር እንደገባች፣ ያለ 30 ቀን ማስጠንቀቂያ መልቀቋ፣ የዱባይ ልምዷ፣ ለዛው ስራ ስለምትመለስ ሙከራ እንደማያስፈልጋት። የኔንም የቀበሌ ቤት ጻፍኩ፣ ሰባት ወር የጠበቅኩት በምን እንደሆነ። ገጽ ተኩል ሆነ፣ ፈርሜበት ዛሬ ጠዋት ለኤችአር ሰጠሁ።

ስራ አስኪያጁ ከሰአት አስጠራኝና "ስለራስሽ ለምን ጻፍሽ?" አለኝ። እሷ የለቀቀችበትን ከኔ መቆየት ጋር ስላወዳደርከው ነው አልኩት። ዝም ብሎ ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አደረገና የልምድ ወረቀቷን ታምጣ አለ። ሰኞ ሶስት ሰአት ይዛ ትመጣለች።